ጭነቷ ሲራገፍ የምትዘለው ታንኳ፦ በአንድ የባሕር ዳር ሲሙሌሽን ላይ የተሰጠ አስተያየት

ሲሙሌሽኑ፣ ማለትም የእውነተኛ ነገርን ጠባይ በስሌት የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ የተሠራው በስልክ ነው። ሠሪው ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወጣት ሲሆን፣ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ፒድሮይድ በሚባለው መተግበሪያ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ይጽፋል። ፋይሉ ሲከፈት ሰማያዊ ውኃ፣ በውኃው ላይ የደንገል ታንኳ፣ በታንኳዋ ላይ አንድ ቀዛፊና ከፊቱ የተከመረ ማገዶ ይታያል። ስክሪኑን በቀኝ በኩል ሲነኩት ቀዛፊው ይቀዝፋል፤ በግራ ሲነኩት ማገዶው ይራገፋል። ሐሳቡ የመጣው ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ከተማው ከሚመጡት ታንኳዎች ነው፤ ልጁም ሐይቁ ዳር ያደገ ስለሆነ ታንኳ እንዴት እንደምትንቀሳቀስ በዓይኑ ያውቃል።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ታንኳዋ እንጨት ጭና ሳለ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። እንጨቱ ሲራገፍ ግን ከፍ ዝቅ ማለት ትጀምራለች፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሆዷ ከውኃው ይላቀቃል፣ ከዚያ ዝላይዋ እየባሰ ይሄድና ከስክሪኑ ትወጣለች። ልጁ «ስለቀለለች ነው» ብሎ ደምድሟል። ቀላል ነገር ውኃ ላይ ይዘላል፣ ከባድ ነገር ይረጋል የሚለው ማብራሪያ ለጆሮ ስለሚጥም ብዙ አልመረመረውም። ፋይሉን ለሚያውቃቸው ሰዎች በቴሌግራም ልኮ «እስኪ እዩልኝና አስተያየት ስጡኝ» አላቸው።

መጀመሪያ ሦስት መልስ መጣለት። አንዱ «እጅህ ይባረክ፣ በርታ!» የሚል ነው። ሁለተኛው «የስበት ቁጥርህ ስህተት ነው፤ 9.8 ያስገባኸው ግምት ነው፤ የባሕር ዳርን ትክክለኛ ቁጥር ፈልግ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኮዱ የተዝረከረከ ነው፣ ከመጀመሪያው ጻፈው» ብሎ ተወው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ፋይሉን አልከፈተውም።

ከሦስቱ በተለይ ሁለተኛው ሊጤን ይገባል፤ ምክንያቱም እውነት ያለበት አስተያየት ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ ከባሕር ጠለል በላይም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ምክንያት የስበቱ መጠን በትምህርት ቤት ከሚነገረው 9.81 ትንሽ ያንሳል፣ ወደ 9.78 ይጠጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው አዋቂ ነው። ነገር ግን ለዚች ታንኳ ቁጥሩ ምን ይለውጣል? አንድ ነገር ሲንሳፈፍ ክብደቱና የሚገፋው ውኃ ክብደት እኩል ናቸው። ስበቱ ሁለቱንም እኩል ስለሚያበዛቸው ይጣፋል፤ ታንኳዋ በጨረቃ ላይ ሐይቅ ቢኖር እዚያም እኩል ትጠልቃለች። ስበቱ የሚነካው ከፍ ዝቅ የምትልበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም 9.81ን በ9.78 ቢተኩት 0.67 ሰከንድ የነበረው በአንድ ሺኛ ሰከንድ ይረዝማል። ዝላዩ እንዳለ ነው። እንዲህ ያለው እርማት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ሠሪውን ወደማይጎዳው ጉድለት ሰድዶ ከሚጎዳው ያርቀዋል።

አራተኛው መልስ የመጣው ዘግይቶ ነው። የላኩት ፊዚክስ የሚያስተምሩ ጎልማሳ ናቸው፤ ልጁ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የሠሩበት መንገድ በዝርዝር መታየት ይገባዋል።

ኮዱን ከማንበባቸው በፊት ፋይሉን በራሳቸው ስልክ አስነሡ። በመጀመሪያው ዙር ምንም አልነኩም፤ ተቀምጠው አዩ። በሁለተኛው ዙር ስክሪኑን እየቀረጹ አራግፈው ቪዲዮውን ቀስ አድርገው ተመለከቱ። ዝላዩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ሳይሆን በየውጣ ውረዱ የሚያድግ መሆኑን ያዩት እዚህ ላይ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ በእውነተኛ ውኃ ላይ ያለ ነገር ማንም ሳይነካው ውጣ ውረዱ እየጨመረ አይሄድም፤ ጉልበት ከየት ያመጣል? ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመጣው ስሌቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኮዱን የከፈቱትና ልጁ ያስገባቸውን ቁጥሮች ወደ ደብተር የገለበጡት።

ታንኳዋ 4 ሜትር ርዝመት፣ 0.9 ሜትር ስፋትና 0.4 ሜትር ውፍረት ያላት ሣጥን ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ጫፎቿ ስክሪኑ ላይ ሾጠጥ ብለው ቢሳሉም ስሌቱ ሣጥን ነው የሚያውቀው። መጠኗ 1.44 ሜትር ኩብ ነው። ለደረቅ ደንገል በሜትር ኩብ 130 ኪሎ ስለተያዘ ታንኳዋ ብቻዋን 187 ኪሎ ትመዝናለች። ቀዛፊው 60፣ ማገዶው 150፣ በድምሩ 397 ኪሎ። ታንኳዋ ከውኃው ጋር የምትገናኝበት ስፋት 3.6 ካሬ ሜትር ስለሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር በጠለቀች ቁጥር 36 ኪሎ ውኃ ትገፋለች። 397ን ለ36 ብናካፍል 11 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ስክሪኑ ላይም 11 ነበር። ማገዶው ሲወርድ 247 ለ36፣ ማለትም 6.9 ሳንቲ ሜትር። ይህም ልክ ነው።

ደብተሩ ላይ የሠፈሩት ጉድለቶች በአጠቃላይ ሰባት ነበሩ። ታንኳዋ ጫፏ ላይ ቢቆሙባት አትገለበጥም። ደንገሉ ውኃ አይጠጣም። የማዕበሉ ርዝመትና ጊዜ አይጣጣሙም። ቀዘፋው ወዲያው ይሞታል። የተለዋዋጮቹ ስም «ሀ1»፣ «ሀ2» እየተባለ የሄደ ነው። የአየር ግፊት የለም። ሰባተኛው ዝላዩ ነው። ጋሼ የላኩት አንዱን ብቻ ነው፤ መልእክቱም ይህ ነበር (የጊዜ እርምጃ የሚሉት ስሌቱ ታንኳዋን በአንዴ የሚያራምድበትን የሰከንድ ክፍልፋይ ነው)፦

«ሰላም፣ እንደምን አለህ? ታንኳህን ትናንት ማታ ከፍቼ ደጋግሜ አየኋት። ጭነት ይዛ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ሲራገፍላት 6.9 ላይ ነው የምትቆመው። በወረቀት አስልቼ ያገኘሁትም ያው ነው፤ ስለዚህ የውኃው ግፊት የተጻፈበትን መስመር እንዳትነካው፣ ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው። ዝላዩ ግን እንቆቅልሽ ሆነብኝ። አንድ ነገር ሞክርልኝ። ከላይ የጊዜ እርምጃው 0.05 የተባለውን 0.025 አድርገውና እንጨቱን አራግፍ። ሌላ ምንም አትለውጥ። ከዚያ በፊት ግን በ0.05 አንድ ጊዜ ቀዝፈህ ታንኳዋ ስንት ሳንቲ ሜትር ሄዳ እንደምትቆም ለካ፤ በ0.025ም ድገመው። ያየኸውን ጻፍልኝ።»

መልሱ በዚያው ሌሊት መጣ፦ «ጋሼ፣ መዝለሏን ተወች! ግን ለምን? ክብደቷ እኮ አልተለወጠም። ቀዘፋውን ደግሞ ለካሁት፤ መጀመሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ሄዳ ነበር የምትቆመው፣ አሁን 12 ተኩል ሆነ። ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ከዚህ በላይ የተሳካ አስተያየት ማግኘት ይከብዳል፤ ልጁ ስህተቱ ምን እንደሆነ ገና አልተነገረውም፣ ግን የጊዜ እርምጃ ሲለወጥ የታንኳ ጠባይ መለወጥ እንደሌለበት በገዛ ስክሪኑ አይቷል። ሐይቁ የስልኩን ስሌት አያውቅም። እርምጃውን በግማሽ መቀነስ በየትኛውም ሲሙሌሽን ላይ የሚሠራ ፈተና ነው፤ ውጤቱ ትንሽ ከተለወጠ ምንም አይደለም፣ ጠባዩ ከተገለበጠ ግን ያየነው ፊዚክስ ሳይሆን ስሌቱ ራሱ የፈጠረው ነገር ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ልጁ በየእርምጃው የሚያደርገው ይህን ነበር፦ መጀመሪያ ታንኳዋን በነበራት ፍጥነት ያንቀሳቅሳል፤ ቀጥሎ ታንኳዋ ቀድሞ በነበረችበት ቦታ ያለውን ኃይል ወስዶ ፍጥነቷን ያሻሽላል። ይህ በ18ኛው መቶ ዓመት በኖረው የሒሳብ ሊቅ በኦይለር ስም የሚጠራው ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ብዙ መማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት በእሱ ነው። ለሚወዛወዝ ነገር ግን አይሆንም። ታንኳዋ ወደ ታች ስትሄድ ውኃው የሚመልሳት ኃይል ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዘገየ ቁጥር ትንሽ አልፋ ትሄዳለች፣ ያለፈችው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ትርፍ ጉልበት ይሆናል።

ትርፉ ስንት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ታንኳዋ በአንድ ሜትር ጥልቀት የምታገኘው ግፊት 35,280 ኒውተን ነው፤ እንደ ጠንካራ ሞላ ልናስበው እንችላለን። ይህን ለክብደቷ አካፍለን በእርምጃው ካሬ (0.05 ሲባዛ በ0.05) እናባዛው። ጭነት ሲኖራት 0.222 ይመጣል። ዘዴው በእያንዳንዱ እርምጃ ውጣ ውረዱን በ1.222 ሥር ካሬ፣ ማለትም በ1.105 ያበዛዋል። ሰከንዱ ውስጥ 20 እርምጃ አለ። አንድ ሳንቲ ሜትር የነበረው መናወጥ በአንድ ሰከንድ ከ7 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ በሁለት ሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሞላል።

ታዲያ የጫነችው ታንኳ ለምን ጸጥ አለች? ልጁ ችግሩን ቀድሞ አጋጥሞት «ማስታገሻ» ስላደረገላት ነው። በየእርምጃው መጨረሻ ፍጥነቱን በ0.8 ያባዛዋል። በ0.9 ሞክሮ እንዳልሠራለት በኮዱ ውስጥ በማስታወሻ ጽፏል፤ ለምን እንዳልሠራ ግን አላወቀም ነበር። ሥር ካሬው ከመውጣቱ በፊት ያለውን 1.222ን በ0.9 ብናባዛ 1.1 ይመጣል፤ ከአንድ ስለሚበልጥ አሁንም ያድጋል። በ0.8 ብናባዛ 0.978 ነው፤ ከአንድ ስላነሰ ይረጋል። ማገዶው ሲወርድ ግን ታንኳዋ ቀለለችና 0.222 የነበረው 0.357 ሆነ። 1.357 በ0.8 ሲባዛ 1.086 ነው። ከአንድ በላይ! ዝላዩ ተመለሰ። እርምጃው ወደ 0.025 ሲወርድ 0.357 ወደ 0.089 ይወርዳል፣ 1.089 በ0.8 ሲባዛ 0.87 ይሆናል፤ ታንኳዋ ጸጥ አለች። ልጁ «ስለቀለለች ነው» ያለው በግማሽ ልክ ነበር፤ መቅለሏ ቀድሞም የነበረውን ስህተት ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ማስታገሻው ሌላም ጉዳት አለው። ፍጥነቱን ሁሉ ስለሚቀንስ ወደ ፊት የምትሄድበትንም ይገድለዋል። በሰከንድ አንድ ሜትር የምትሄድ ታንኳ ከአንድ ሰከንድ በኋላ በሰከንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራታል፤ ውኃው ማር የሆነ ይመስላል። እርምጃው ሲያጥር ደግሞ በሰከንድ ውስጥ የሚባዛበት ጊዜ ከ20 ወደ 40 ስለሚያድግ የምትንሸራተተው ርቀት በግማሽ ይቀንሳል። 25ቱ ሳንቲ ሜትር 12 ተኩል የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዙር አስተያየት ላይ ጋሼ ራሳቸው ተሳሳቱ፤ ስህተቱ የተለመደ ስለሆነ መዝለል አይገባም። ማብራሪያውን ከላኩ በኋላ ነገሩን ለማፋጠን ብለው የታረመ ሙሉ ፋይል አያይዘው ሰደዱ። ልጁ ሲከፍተው ታንኳዋ እንደ ድንጋይ ወደ ታች ወረደች። አንድ ምሽት ሙሉ ጠፋ። ምክንያቱ አቅጣጫ ነው፦ ሥዕሉን የሚሥለው ፓይጌም ላይ ቁጥሩ የሚጨምረው ወደ ታች ነው፤ ልጁም ጥልቀቱን ሁሉ በዚያ አቅጣጫ ነው የጻፈው። ጋሼ ግን መምህር ናቸውና እንደ ጥቁር ሰሌዳው ወደ ላይ አዎንታዊ አድርገው ጻፉት። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ሲቀላቀሉ የውኃው ግፊት ታንኳዋን ወደ ታች የሚገፋ ሆነ። የሰው ኮድ ላይ አስተያየት ሲሰጥ የሚለወጠውን መስመር ብቻ፣ በሠሪው ስምና በሠሪው አቅጣጫ መጻፍ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሙሉ ፋይል መላክ ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ሥራውን ከሠሪው እጅ ይወስዳል። ጋሼ ይህን ሲረዱ ይቅርታ ጠይቀው ፋይሉን እንዲያጠፋው ነገሩት።

ከዚያ የላኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የሁለቱን መስመር ቦታ ማቀያየር፦ መጀመሪያ ፍጥነቱ ይሻሻል፣ ከዚያ ታንኳዋ በአዲሱ ፍጥነት ትንቀሳቀስ። የተጨመረ ቃል የለም፣ የላይኛው ወደ ታች የታችኛው ወደ ላይ ነው የሄደው። በዚህ ቅደም ተከተል የታንኳዋ ውጣ ውረድ አያድግም፤ እርምጃው ለጫነችው ታንኳ እስከ 0.21 ሰከንድ ድረስ እንኳ ቢረዝም ስሌቱ አይፈነዳም። ሁለተኛ፣ በ0.8 የሚያባዛውን መስመር ማጥፋት። ሦስተኛ፣ በምትኩ ውኃው እንቅስቃሴዋን በእውነት የሚቃወምባቸውን ሁለት መንገዶች በኃይልነት ማስገባት። ለከፍ ዝቅታው፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ለምትንቀሳቀስበት 2,200 ኒውተን የሚቃወም ኃይል። ለወደ ፊት ጉዞዋ፣ በፍጥነቷ ካሬ የሚያድግ ኃይል፦ የውኃ እፍግታ ሲባዛ በፊት ለፊት ስፋቷ፣ ሲባዛ በቅርጽ ቁጥሯ፣ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ፣ ለሁለት ሲካፈል። የፊት ለፊት ስፋቱ 0.9 ሲባዛ በ0.11፣ ማለትም 0.099 ካሬ ሜትር ነው። የቅርጽ ቁጥሩ 0.5 ተያዘ፤ ጫፏ ለሾለ ነገር የተወሰደ ግምት መሆኑ በግልጽ ተጻፈ።

ውጤቱን ልጁ በሌላ ቀን ላከ። በሰከንድ አንድ ሜትር የምትሄደው የጫነች ታንኳ ፍጥነቷ በግማሽ ለመቀነስ 16 ሰከንድ ይወስድባታል፣ በዚህ ጊዜም 11 ሜትር ትሄዳለች። «ጋሼ፣ አሁን ታንኳ ሆነች» አለ። መቅዘፊያው ሲነሣ ጭነት ያላት ታንኳ ብዙ እንደምትንሸራተት ከልጅነቱ ያየው ነገር ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር ሄዶ የሚቆም ታንኳ ሐይቁ ላይ የለም። ይህን ግን መጀመሪያ ላይ አንድም ሰው አልጠየቀውም ነበር። «ታንኳ ስትቀዝፍላት ምን ያህል ትሄዳለች?» የሚል ጥያቄ ከማንኛውም የኮድ ትችት ቀድሞ መምጣት ነበረበት፤ በዚህ ነገር ከመካከላቸው አዋቂው ሠሪው ነው።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ጉድለቶች ልጁ በጠየቀ ቁጥር አንድ በአንድ ወጡ። የመገልበጡ ነገር ብዙ አወያይቷል። ስሌቱ ላይ ታንኳዋ አንድ ነጥብ ብቻ ስለነበረች ማዘንበልን አታውቅም። ጋሼ በወረቀት አሳዩት፦ ስፋቷ 0.9 ሜትር ሆኖ 11 ሳንቲ ሜትር ለጠለቀች ሣጥን፣ ስታዘነብል የውኃው ግፊት መስመር የመካከል መስመሯን የሚያቋርጥባት ነጥብ ከሆዷ 67 ሳንቲ ሜትር ከፍ ትላለች። የሁሉም ነገር የክብደት ማዕከል ከዚህ ነጥብ በታች ከሆነ ትመለሳለች፤ በላይ ከሆነ ትገለበጣለች። ቀዛፊው ተቀምጦ፣ ማገዶው ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተነጥፎ ሲቀመጥ የክብደት ማዕከሉ 41 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የቀረው 26 ሳንቲ ሜትር መተማመኛ ነው። ያው ማገዶ አንድ ሜትር ከፍታ ተከምሮ ቀዛፊው ቢቆም ግን ማዕከሉ 64 ይደርሳል። የሚቀረው 3 ሳንቲ ሜትር ነው! ክብደቱ አንድ ኪሎ አልጨመረም። ልጁ ይህን ሲያይ ስክሪኑ ላይ ቀዛፊውን የሚያስቆም ቁልፍ ጨመረ፤ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሰዎች የሚነኩት ቁልፍ አሁን እሱ ነው።

ደንገሉ ውኃ መጠጣቱ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ታንኳ ከሐይቁ ስትወጣ ዳር ላይ ተደግፋ የምትደርቀው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊሻገር የተነሣባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ ብዙውን መንገድ ከሄደች በኋላ ከኋላዋ እየሰጠመች ተተወች። እርግጥ ለእሷ ያልተስማማት ውኃ መጠጣቱ ብቻ አልነበረም፣ ግን አንድ ታንኳ ሁልጊዜ በደረቅ ክብደቷ አትኖርም። ልጁ ቁጥሩን ከኢንተርኔት ከመፈለግ እንዲለካ ተመከረ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዙሪያው 63 ሳንቲ ሜትር የሆነ የደረቀ ደንገል እስር ወሰደ። መጠኑ 0.0316 ሜትር ኩብ ነው። 4.1 ኪሎ መዘነ፤ 130 የሚለው ቁጥር ደህና ነበር ማለት ነው። በድንጋይ ተጭኖ ውኃ ውስጥ 24 ሰዓት ካደረ በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ አንጠፍጥፎ ሲመዝነው 9.6 ኪሎ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እስሩ ሙሉ በሙሉ ተዘፍቆ ነው ያደረው፤ ታንኳ ግን የምትነከረው ሆዷ ነው። ስለዚህ ለመላዋ ታንኳ የሚመጣውን 250 ኪሎ ውኃ በቀጥታ ማስገባት ያጋንናል። ልጁ ግማሹን፣ 125 ኪሎውን ወሰደ። የጫነችው ታንኳ ከ11 ወደ 14.5 ሳንቲ ሜትር ጠለቀች፣ የማዘንበል መተማመኛዋም ከ26 ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ይህ የአንድ እስር ልኬት ነው፤ የሌላ ቦታ ደንገል ወይም ጠበቅ ብሎ የታሰረ ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

ማዕበሉ በአንድ መልእክት አለቀ። የማዕበል ርዝመትና ጊዜ በየፊናቸው የሚመረጡ አይደሉም። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ማዕበል፣ ውኃው ከ2 ሜትር በላይ ጥልቀት እስካለው ድረስ፣ 1.6 ሰከንድ ነው የሚወስደው፤ ልጁ 4 ሰከንድ ሰጥቶት ነበር። ጣና በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ጥልቀት ስላለው ከዳር ራቅ ሲሉ ይህ ይሠራል።

የአየር ግፊቱንና የተለዋዋጮቹን ስም ጋሼ እስከ መጨረሻ አላነሡም። ስሞቹን ልጁ ራሱ ለወጣቸው፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የራሱን ኮድ ሲከፍት «ሀ2» ምን እንደነበረ ጠፋበት።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግረው ልጁ ያገኘው አለ። የሲሙሌሽኗ ታንኳ ጭነት ይዛ ከፍ ዝቅ የምትልበት ጊዜ 0.67 ሰከንድ ነው። ሐይቁ ዳር አንዲት እውነተኛ ታንኳ ላይ አንድ ሰው ጫን ብሎ ሲለቃት በስልኩ ቀረጸ፤ ቪዲዮው በሰከንድ 30 ምስል ስለሚይዝ ምስሎቹን በመቁጠር ጊዜውን መለካት ይቻላል። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱም ከአንድ ሰከንድ በላይ መጡ። የታንኳዎቹ መጠን ፍጹም አንድ ባይሆንም ልዩነቱ በዚህ ብቻ አይገለጽም። «ጋሼ፣ የእኔዋ ትቸኩላለች። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ ጻፈ።

አልተሳሳተም። ታንኳ ስትወርድ ብቻዋን አትወርድም፣ ከሥሯ ያለውን ውኃ አብራ ታንቀሳቅሳለች፤ ለስፋታም ሆድ ይህ ውኃ ከራሷ ከታንኳዋ ክብደት ሊበልጥ ይችላል። ስፋቱ 0.9 ሜትር ለሆነ ሆድ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት እስከ 300 ኪሎ ገደማ ይገመታል። ጋሼ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ሆኖም ዝላዩ ሳይታረም ቢነገር ኖሮ ክብደት ስለሚጨምር ዝላዩን ሸፍኖ ያስቀረው ነበር፣ ሥሩም ሳይታይ ይቀራል። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ውኃው ስንት ኪሎ ቢጨመርባት ነው የአንተ ቪዲዮ ጊዜ የሚመጣው? ከዚያ ጀምር።» ልጁ 1,000 ኪሎ ላይ ሲደርስ ታንኳዋ በ1.25 ሰከንድ መተንፈስ ጀመረች።